በጠባብ በጀት ኮርሳ ለመግዛት፦ ከሜትር እስከ ድርድር

የመጀመሪያ ኮርሳዬን የገዛሁት በቀለሙ ነው። ሰማያዊ ነበር፣ ያብረቀርቃል። ዋጋውም ኪሴ የሚችለው ነበር። ሻጩ "እንደ አዲስ ነው" አለኝ፤ አመንኩት። በማግስቱ ኮርቻውን ዝቅ ላደርግ መፍቻ ይዤ ስቀርብ ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። የአሉሚኒየሙ ዘንግና የብረቱ ፍሬም ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ዘይት አፈሰስኩበት፣ አሳደርኩት፣ ጠመዘዝኩት። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ መካኒክ በመጋዝ እየቆራረጠ አወጣው። ለእሱና ለአዲሱ ዘንግ የከፈልኩት የብስክሌቱን ዋጋ ሲሶ ይሆናል። ይባስ ብሎ ፍሬሙ ለቁመቴ ትልቅ ነበር። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" የሚባለው ለእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ ያገለገሉ ኮርሳዎች አገላብጫለሁ። ኮርሳ ስል ቀጭን ጎማና እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለውን የጎዳና ብስክሌት ማለቴ ነው። የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ብስክሌት ሁለት ዋጋ አለው። አንዱን ሻጩ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ቤት ከገባ በኋላ የሚበላው ነው፤ እሱን የሚነግራችሁ የለም። ገንዘባችሁ ትንሽ ሲሆን የሚጎዳችሁ ሁለተኛው ነው። እዚህ የማሳያችሁም ያንን ሁለተኛ ዋጋ ገና ሳትከፍሉ እንዴት እንደምታነቡት ነው።

1. ገንዘቡን ከቤት ሳትወጡ ከፋፍሉት

በእጃችሁ ያለው ሁሉ 100 ነው እንበል። ለብስክሌቱ ራሱ ከ70 በላይ አትመድቡ። 15 ለጥገና ይቀመጥ። ቀሪው 15 ለሄልሜት፣ ለመንፊያ፣ ለመቆለፊያ፣ ለመብራትና ለመጠባበቂያ የውስጥ ጎማ ነው። ስሌቱ የእኔ ነው፤ ሄልሜትና መንፊያ ያለው ሰው 70ውን ወደ 80 ቢያሳድገው አልቆጣም። መቶውን በሙሉ ለብስክሌቱ የሚያወጣ ሰው ግን መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ጎማው በሳምንቱ ይተነፍሳል፣ መቀየሪያ የለም፣ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል።

ስለ መንፊያው አንድ ነገር። አብዛኛው ኮርሳ ፕሬስታ የሚባለውን ቀጭን ቫልቭ ነው የሚጠቀመው። ለመኪና ጎማ የተሠራ መንፊያ አፉ አይገጥመውም። ትንሿን ማገናኛ አብራችሁ ግዙ፤ ዋጋዋ ኢምንት ነው።

2. እግራችሁን ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። የተበላሸ ማርሽ ይቀየራል፣ የተበላ ጎማ ይቀየራል። የማይሆን ፍሬም ግን ምንም ብታደርጉት የማይሆን ፍሬም ነው።

ጫማችሁን አውልቁና ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ቁሙ። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል አስገቡና ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ እስኪመስላችሁ ወደ ላይ አጥብቁት። ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ አንዱ መሳቱ አይቀርም።

ያንን ቁጥር በ0.67 አባዙት። 82 ሴንቲሜትር ከሆነ ወደ 55 ይመጣል። የፍሬማችሁ መጠን እዚያ አካባቢ ነው። ያንኑ 82 በ0.883 ብታባዙት 72.4 ይሆናል። ይህ ደግሞ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ቁመት ነው። ይህን ሁለተኛ ስሌት በሰፊው ያስተዋወቀው ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ቢሆንም ባዶ እጅ ከመሄድ በብዙ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስሌት የሚሠራው የላይኛው ቱቦው አግድም ለሆነ የድሮ ፍሬም ነው። በአዲሶቹ ላይ ቱቦው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ አንዱ ፋብሪካ 52 የሚለውን ሌላው ሚዲየም ይለዋል። ስለዚህ የሞዴሉን ስምና ዓመተ ምሕረት ይዛችሁ የፋብሪካውን የመጠን ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ሪች እና ስታክ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሪች ከፔዳሉ መሃል ተነስቶ እስከ መሪው ቱቦ አናት ወደ ፊት ያለው ርቀት ነው። ስታክ በእነዚያው ሁለት ነጥቦች መካከል ወደ ላይ ያለው ቁመት ነው። የሚመቻችሁ የጓደኛ ብስክሌት ካለ የእሱን ሁለት ቁጥሮች ጻፉና የምታዩትን ሁሉ ከእነሱ ጋር አስተያዩ።

በሁለት መጠኖች መካከል ከቀራችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ፍሬም ላይ ኮርቻው ከፍ ይላል፣ መሪውን የሚይዘው ስቴም ረዘም ባለ ይቀየራል። ትልቅ ፍሬም የሚያጥርበት መንገድ የለም።

3. አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ያገለገለ። አልሸፋፍነውም።

በጣም ርካሽ የሆነ አዲስ ኮርሳ ብዙ ጊዜ ኮርሳ መሳይ ነው። እንዲህ ትለዩታላችሁ። ማርሹ ከኋላ 7 ብቻ ነው። መቀየሪያው ከፍሬኑ እጀታ ጋር አንድ ላይ ከመሆን ይልቅ መሪው መሃል ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የኋላ ጥርሶቹ ፍሪዊል የሚባለው የድሮው ዓይነት ናቸው፤ በሞዞው፣ ማለትም በጎማው እምብርት ላይ ይጠመጠማሉ። የዚህ ሞዞ ችግር በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩሽኔታ ከጫፉ መራቁ ነው። አክሱሉ ያለ ድጋፍ ይቀራልና ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወይም መንገዱ ሲጎረብጥ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ካሴት የሚባለው ዘመናዊ የኋላ ጥርስ አሠራር ኩሽኔታውን ወደ ጫፉ ስላስጠጋው ይህ ችግር እምብዛም የለበትም።

በዚያው ገንዘብ ከጥቂት ዓመታት በፊት መካከለኛ ደረጃ የነበረ ብስክሌት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ኮርሳ የሚገዛው በሞቅታ ነው። ሁለት ወር ነድቶ ይተወዋል። የእናንተ ብስክሌት ያለው እዚያ ሰው ቤት ነው፤ አቧራ ለብሶ፣ ጎማው ተንፍሶ።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። "ማውንቴን ባይክ በርካሽ ገዝቼ መሪውን እቀይረዋለሁ" የሚል አለ። አታድርጉት። የኮርሳ እጀታና የማውንቴን ባይክ ፍሬን የሚስቡት የኬብል ርዝመት ይለያያል፤ ማርሾቹም እንዲሁ አይግባቡም። አንዱን ስትቀይሩ ሌላው ይከተላል። መጨረሻ ላይ ሁለት ብስክሌት የሚገዛ ገንዘብ ታወጣላችሁ።

4. ምን ዓይነት እንፈልግ?

ፍሬሙ ብረት፣ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ነው። በትንሽ ገንዘብ የእኔ ምርጫ አሉሚኒየም ወይም ጥሩ ብረት ነው። ያገለገለ ካርቦን ያስፈራኛል። ካርቦን ጠንካራ ነው፤ ግን ከተመታ ጉዳቱ ከቀለሙ ሥር ሊደበቅ ይችላል። በሳንቲም ቀስ እያላችሁ ስታንኳኩ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከደነዘዘ መጥፎ ምልክት ነው። ድምፁ ጥሩ ሆነ ማለት ግን ፍሬሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ የካርቦን ፍሬምም ገበያው ላይ አለ። ዋጋው ከሚገባው በላይ ወርዶ ስታዩት ምክንያት አለው።

ብረት ሁሉ እኩል አይደለም። ክሮሞሊ የሚባለውን የብረት ቅይጥ ስም፣ ወይም የቱቦ ሠሪዎቹን የሬይኖልድስን ወይም የኮሎምበስን ምልክት ካያችሁ ቆም በሉ። ሬይኖልድስ 531 የተባለው ቱቦ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ድረስ በእሱ የተሠሩ ፍሬሞች መንገድ ላይ አሉ። ምልክቱ ከተላጠ ሌላ ዘዴ አለ። የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ የተጻፈበትን ውፍረት አንብቡ። 27.2 ሚሊሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ስስና ጥሩ ነው። 25.4 ወይም 26 ከሆነ ቱቦው ወፍራም፣ ፍሬሙም ከባድ መሆኑ አይቀርም። ማግኔትም ያዙ። የተጣበቀ ብረት ነው፣ ያልተጣበቀ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን። "ሙሉ ለሙሉ ካርቦን ነው" ያለኝን ሰው በትንሽ ማግኔት ዝም አሰኝቼዋለሁ።

ክብደት አያስጨንቃችሁ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለውድድር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው። በእኛ በጀት የሚገኘው ከ9 እስከ 11 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱን ረጅም ዳገት ላይ ካልሆነ አትሰሙትም።

ማርሹን በስሙ እወቁት። ያገለገሉ ኮርሳዎች ላይ የምታዩዋቸው የማርሽ ሠሪው የሺማኖ ደረጃዎች ከታች ወደ ላይ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ ኡልቴግራ እና ዱራ-ኤስ ናቸው። ክላሪስ ከኋላ 8፣ ሶራ 9፣ የቅርብ ዓመታቱ ቲያግራ 10 ማርሽ አላቸው። 105 ለዓመታት 11 ነበር፤ አሁን 12 ደርሷል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሰንሰለቱ እየቀጠነ፣ መለዋወጫውም እየተወደደ ይሄዳል። ለዚህ ነው ባለ 8 እና ባለ 9ን የምወዳቸው። ሰንሰለታቸው ርካሽ ነው፣ በትንሽ መዛነፍ አያኮርፉም።

ኡልቴግራ ወይም ዱራ-ኤስ በርካሽ ካገኛችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ክራንኩን እዩ። ክራንክ ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ ነው። ሺማኖ እ.ኤ.አ. ከ2012 አጋማሽ እስከ 2019 አጋማሽ ያመረታቸው ባለ 11 የኡልቴግራና የዱራ-ኤስ ክራንኮች ከሁለት ክፍል ተጣብቀው የተሠሩ ነበሩ። አንዳንዶቹ መላቀቅ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያው የምርመራና የመቀየር ጥሪ አወጣ። የምርት ጊዜው በክራንኩ ጀርባ ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ይታወቃል። መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ካለ ወይም ሲረግጡት ከጮኸ አይነዳም።

ስለ ፍሬን ባጭሩ። ዩሲአይ እ.ኤ.አ. በ2018 ዲስክ ፍሬንን በጎዳና ውድድር ላይ በይፋ ከፈቀደ በኋላ አዲስ ከሚሠራው ኮርሳ አብዛኛው ወደዚያው ሄደ። ይህ ለድሃ በረከት ነው። ቸርኬውን በጎማ የሚይዘው የድሮው ፍሬን ያለበት ጥሩ ብስክሌት ዋጋው ወረደ። ቀላል ነው፣ ቤት ውስጥ በአንድ መፍቻ ይስተካከላል። ዝናብ ላይ ዲስክ ይበልጣል፤ አልክድም።

5. ማስታወቂያውን እንዴት እንደምታነቡት

ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ብስክሌቱን ፎቶ የሚያነሳው በቀኝ በኩል ነው፤ ሰንሰለቱና ማርሹ ያሉት እዚያ ነውና። ፎቶው ሁሉ ከግራ ከሆነ ወይ ሻጩ አያውቅም፣ ወይ የሚደብቀው አለ። የማያውቅ ሻጭ ለእናንተ ጥሩ ነው። የሚደብቀው ግን አይደለም። ለመለየት አራት ፎቶ ጠይቁት፦ ቀኝ ጎኑ ሙሉ፣ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ በቅርብ፣ ቸርኬው ላይ ፍሬኑ የሚነካው ቦታ፣ እና ፍሬሙ ከሥሩ ከፔዳሉ መሃል በታች። ሳያንገራግር የላከላችሁ ሰው ጋ ሂዱ።

ስልክ ላይ ጠይቁ። ስንት ዓመት ያዙት? ወድቆ ያውቃል? ሰንሰለቱ መቼ ተቀየረ? ለምን ይሸጡታል? የራሱን ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ታሪክ አለው፣ አንዳንዴም አልጨርስ ይላል። የተሰረቀ የሚሸጥ ሰው አጭር መልስ ይሰጥና ይቸኩላል።

6. ምርመራው

በቀን ሂዱ። ማግኔት፣ የብረት ሜትር፣ ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር አለን የሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ፣ ጨርቅና የስልክ መብራት ያዙ። ከተቻለ ዝም የሚል ጓደኛም ያዙ። "ኧረ እንዴት ያምራል!" የሚል ጓደኛ ዋጋ ያስጨምራል።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ጥላችሁት እንድትመለሱ የሚያደርጋችሁን ነው።

ፍሬሙን በጨርቅ ጥረጉት። ቆሻሻ ሥር ብዙ ነገር ያድራል። ከዚያ ከመሪው ቱቦ በታች፣ የታችኛው ወፍራም ቱቦ የሚጀምርበትን ሆድ በመብራት እዩ፣ በጣታችሁም ዳብሱ። ቀለሙ ከተጨማደደ ወይም ቱቦው ከጎረበጠ ብስክሌቱ ከፊቱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። አሉሚኒየም ላይ በየብየዳው ዙሪያ ፀጉር የመሰለ መስመር ፈልጉ። ጭረት ከቀለሙ ላይ ይቀራል፤ ስንጥቅ ብየዳውን ተከትሎ ይሄዳል። የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለቱ የሹካ እግሮች ከጎን ሲታዩ እኩል መሆን አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ዋጋ አትጠይቁ። አመስግናችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ የእኔው ቁስል። የኮርቻውን ዘንግ ብሎን አላሉና ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። አሉሚኒየም ዘንግ ብረት ፍሬም ውስጥ ለዓመታት ግሪስ ሳይቀባ ከተቀመጠ፣ ላብና ዝናብ ሲጨመርበት፣ ሁለቱ ማዕድናት እርስ በርስ ይበላላሉ። ከተጣበቀ መላቀቁ በዕድል ነው። ዘንጉ ከወጣ በዚያው ቀዳዳ ውስጡን በመብራት እዩ። ላይ ላዩን የተቀባ ዝገት ችግር የለውም። ቅርፊት እየሆነ የሚረግፍ ግን ሌላ ነው። ሻጩ "አይፈታም፣ ምን ያደርግላችኋል?" ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ብስክሌቱን ገልብጡት። ከፔዳሉ መሃል በታች የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለ። ተፍቆ ከጠፋ፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ አትግዙ። ርካሽነቱ የሌላ ሰው እንባ ነው። ቁጥሩ ካለ ፎቶ አንሱት፤ የመግዣ ደረሰኝ እንዳለም ጠይቁ።

እስከዚህ ካለፈ ብስክሌቱ ሊገዛ ይችላል። ከዚህ በኋላ የምታገኙት ሁሉ ዋጋ ማውረጃ ነው። ወረቀት ያዙና ጻፉ።

ሰንሰለቱን ለኩ። አንድ ፒን መሃል ላይ ዜሮ አድርጉና 24 ፒን ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ይህ 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.5 አካባቢ ከደረሰ ሰንሰለቱ ይቀየራል። 308 ካለፈ ካሴቱም አብሮ መበላቱ አይቀርም፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገቡ በተበላው ጥርስ ላይ ይዘላል። የፊት ጥርሶቹንም እዩ። ጫፋቸው እንደ መጋዝ ሾልኮ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ እነሱም አብቅቶላቸዋል። ከሁሉ የሚወደደው ጥገና ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ሰንሰለት፣ ካሴትና የፊት ጥርስ በአንድ ላይ ሲመጡ። አንዳንድ ርካሽ ብስክሌት በዚህ ብቻ ውድ ይሆናል።

ቸርኬውን እዩ። ፍሬኑ የሚይዘው ጎን ከጊዜ ጋር ይበላል። ብዙ ቸርኬ ላይ የመበላቱን ልክ የሚያሳይ ትንሽ ነጥብ ወይም ቀጭን መስመር አለ። ከጠፋ ቸርኬው አልቋል። ምልክት ከሌለው የሜትሩን ጠርዝ በጎኑ ላይ አስጠጉት። ወደ ውስጥ እንደ ሳህን ከጎደጎደ አትመኑት፤ ስስ ቸርኬ በጎማው ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ጎማውን አንስታችሁ አዙሩት። በፍሬኑ መካከል ሲያልፍ ሳይወዛወዝ ነው መዞር ያለበት። ትንሽ ውዝዋዜ መካኒክ ሽቦዎቹን በማጥበቅ ያስተካክለዋል።

የጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ አትርሱ። 25-622 ወይም 28-622 የሚል ከሆነ የተለመደው 700ሲ ነው። 630 የሚል ካያችሁ የድሮው 27 ኢንች ነው። በስም ሲሰሙት አንድ ይመስላሉ፤ 8 ሚሊሜትር ግን ይለያያሉ። የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም፣ ለ27 ኢንች የሚገኘው ምርጫም ጥቂት ነው።

አሁን ኩሽኔታዎቹን። የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። ቋ ቋ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። የፊት ጎማውን አንስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሃል ላይ ቁልፍ እንደገባለት የሚይዝ ከሆነ ተበልቷል። ሁለቱን ክራንኮች ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። ከተነቃነቁ ቦተም ብራኬት የሚባለው የመሃሉ ኩሽኔታ ይቀየራል። ይህ በጥርስ የሚጠመጠመው ዓይነት ከሆነ ቀላል ሥራ ነው። ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ከሆነ ግን የመጮህ አመል አለውና አስቡበት።

ጎማ፣ የፍሬን ጎማ፣ ኬብል፣ የመሪው ጥብጣብ። እነዚህ አልቀው ባይሆኑ ነው የሚገርመኝ። ጻፏቸውና እለፉ።

7. ንዱት

ሳይነዱ መግዛት የለም። መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ከዚያ ሌላውን ሞክሩ። ማርሹን ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ ከፊትም ከኋላም፣ አንድ በአንድ ቀይሩ። ትንሽ ማመንታት የኬብል ጉዳይ ነው። እጀታው ውስጥ ቀጭ ሳይል ባዶውን ከሄደ ግን የውስጡ ግሪስ ደርቋል ወይም ተሰብሯል። የተሰበረ እጀታ ውድ ነው።

ዳገት ካለ ቆማችሁ ርገጡ። ሰንሰለቱ ከዘለለ ቅድም በሜትር ያያችሁት ተረጋገጠ። ሜዳ ላይ ደግሞ እጃችሁን መሪው ላይ ቀለል አድርጋችሁ አሳርፉ። ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ ፍሬሙ ወይም ሹካው ተጣሟል። ከዚያ ገላችሁን ስሙት። ከአስር ደቂቃ በኋላ አንገትና እጅ አንጓ ከደከመ መሪው ሩቅ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ቁጥሮች ተመለሱ።

8. ድርድር

ብስክሌቱን አታጣጥሉ። ሻጩ ይወደዋል፤ ከተሰደበበት ዋጋ መቀነስ ቀርቶ ወሬም አይሻ። ወረቀታችሁን አውጡ። ከመቶው ስሌት ጋር እንየው። ሻጩ 70 ብሏል። ሰንሰለትና ካሴት 9፣ ሁለት ጎማ 8፣ ኬብልና የፍሬን ጎማ 3 ይበላል እንበል። ድምሩ 20 ነው። እናንተ ለጥገና ያስቀመጣችሁት 15 ነው። ስለዚህ ከ65 በላይ ከከፈላችሁ በጀታችሁ ፈረሰ። ለሻጩም እንዲህ በሉት፦ "ወንድሜ፣ ብስክሌቱ ጥሩ ነው፣ እወስደዋለሁ። ግን ይኸው፣ ይሄን ይሄን መቀየር አለብኝ። 58 ብከፍልዎትስ?" 60 ላይ ወይም 63 ላይ ትገናኛላችሁ።

ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ የሚሞላው ሰው ግን እናንተ አትሁኑ።

አልሆንም ካለ ስልክ ቁጥራችሁን ትታችሁ ሂዱ። ሰው ብስክሌት በማይነዳበት ወቅት፣ ብርዱ ወይም ዝናቡ ሲበረታ፣ ብዙ ሻጭ መልሶ ይደውላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። ቀብድ ግን ሳታዩ አትላኩ፣ የቱንም ያህል ፎቶው ቢያምር። ሲስማማችሁ ስም፣ ቀን፣ ዋጋና የፍሬሙ መለያ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተፈራረሙ።

9. የመጀመሪያው ሳምንት

ቅደም ተከተሉ ለደህንነት ይሁን። መጀመሪያ የፍሬን ጎማና የፍሬን ኬብል። ቀጥሎ ጎማዎቹ፤ ጎናቸው ከተሰነጣጠቀ ጥርሱ ባይበላም አርጅተዋል። ፍሬሙ የሚበቃ ቦታ ካለው 23 ሚሊሜትሩን በ25 ወይም በ28 ቀይሩት፤ ጉርብጥብጡ ይቀንሳል። ሦስተኛ ሰንሰለቱ። የመሪው ጥብጣብ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ብዙ ሰው ግን ቶሎ ስለሚያምር ከእሱ ይጀምራል።

የኮርቻውን ዘንግ አውጡና ግሪስ ቀብታችሁ መልሱት። ካርቦን ከሆነ ግን ተራ ግሪስ አይቀባም፤ ለእሱ የተሠራ ቅባት አለው። ዘንጉ ላይ ያለው የማስገቢያ መስመር ከፍሬሙ ውጭ እንዳይታይ።

ፔዳል ስትቀይሩ የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስታውሱ። የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። "አልፈታ አለ" ብሎ ክራንክ የሚያበላሽ ሰው ሁልጊዜ እያጠበቀ ነው።

የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎሜትሮች ከነዳችሁ በኋላ መፍቻውን እንደገና አንሱ። አዲስ ኬብል ይላላል፣ ማርሹ ትንሽ ይዛነፋል። የስቴሙን፣ የኮርቻውንና የክራንኩን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትሹ። የግራውን ክራንክ በተለይ፤ ሲላላ መጀመሪያ የሚሰማው እግር ሥር የምትመጣ ትንሽ ቅጭልጭል ናት።